የንብ መንደፊያና የመሥዋዕትነት ጥያቄ

በሰው ልጅ የአስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ የንብን ያህል በተደጋጋሚ ለምስክርነት የተጠራ ፍጡር ጥቂት ነው። ንጉሥ ሥልጣኑን፣ ነጋዴ ትርፉን፣ ሰባኪ ትጋትን፣ አብዮተኛ ኅብረትን ለማስመስከር ንብን ጠርቷል። ንብ ግን ለማንም መስክራ አታውቅም፤ ስለ እርስዋ የተናገሩት ሁሉ የየራሳቸውን ቃል በአፏ አኑረው ነው። ከዚህ ሁሉ ምስክርነት ይበልጥ የሰውን ልብ ሲነካ የኖረው አሟሟቷ ነው። ንብ ቀፎዋን ለመጠበቅ ትነድፋለች፤ በመንደፏም ትሞታለች። ስለዚህ ስለ ወገኑ ራሱን አሳልፎ ለሚሰጥ ሰው ምሳሌ ሆና በትምህርት ቤት፣ በስብሰባና በመድረክ ስትጠቀስ ኖራለች። ተርብ በአንጻሩ ነድፎ ይሄዳል፤ ተመልሶም ይነድፋል፤ ማር የለው፣ ሰም የለው። እርሱም በበኩሉ የቁጡና የክፉ ሰው ምሳሌ ሆኗል።

ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? የንብ ሞት በእርግጥ መሥዋዕትነት ነውን? ካልሆነስ፣ ነው እየተባለ ለሰው በአርአያነት ሲቀርብ የሚጎዳው ማን ነው?

አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም መመልከት ይገባል። የንብ መንደፊያ ከጥንት የጦር መሣሪያ አልነበረም። እንቁላል መጣያ የነበረ አካል በረጅም የዝግመተ ለውጥ ሂደት ወደ መርዝ መውጊያነት የተለወጠ ነው፤ የሚናደፉት ሴቶቹ ብቻ መሆናቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ድንጉላው ንብ ምንም ያህል ቢጮህና ቢያስፈራራ የሚወጋበት የለውም። የሠራተኛዪቱ መንደፊያ ሁለት ስለታም ዘንጎች ያሉት ሲሆን በዘንጎቹ ላይ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥርሶች ተደርድረዋል። ዘንጎቹ ተራ በተራ እየተንሸራተቱ ወደ ሥጋ ይዘልቃሉ፤ ጥርሶቹም የያዙትን አይለቁም። የሰውና የከብት ቆዳ የሚለጠጥ በመሆኑ ንቧ ልትበር ስትሞክር መንደፊያው ከነመርዝ ከረጢቱና ከነጡንቻው ከሆዷ ተነቅሎ ይቀራል። እርስዋ ከዚያ በኋላ ብዙ አትቆይም። የተነቀለው ግን ገና ሥራ ላይ ነው፤ አብሮት በተነቀለው የነርቭ ቋጠሮ እየታዘዘ ወደ ውስጥ መዝለቁንና መርዙን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ከእርሱም የሙዝ ሽታ የሚመስል ጠረን ይወጣል፤ ሌሎች ንቦች ይህን ጠረን ሲያገኙ በተነዳፊው ላይ ይረባረባሉ። የተነደፈ ሰው መንደፊያውን ወዲያውኑ ነቅሎ ከስፍራው መራቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ በጥፍርም ይሁን በቢላ ጀርባ፣ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ሰውነቱ መርዙን ለማይችል ሰው ደግሞ አንዲት ንድፊያ እንኳ ሕይወት ልታሳጣ ስለምትችል ሐኪም ዘንድ መድረስ የግድ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይባል። ያችው ንብ ሌላ ነፍሳትን፣ ለምሳሌ ማር ልትዘርፍ የመጣችን የጎረቤት ቀፎ ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወጣል። የሚለጠጥ ቆዳ የለምና የሚይዘው የለም። ነድፋም ትኖራለች። አውራዪቱም ተቀናቃኟን አውራ ስትገድል ጥርሶቹ ጥቂትና ደካማ በሆኑ መንደፊያ ስለምትጠቀም ጉዳት አይደርስባትም። እንግዲህ የንቧን መሞትና አለመሞት የሚወስነው የተነዳፊው ቆዳ ዓይነት ነው። የልቧ ጽናት በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም። ለቀፎዋ ስትል ሁለት ጊዜ የነደፈች፣ አንድ ጊዜ በሕይወት ተመልሳ ሌላ ጊዜ የሞተች ንብ፣ በሁለቱም ጊዜ ያደረገችው አንድ ነገር ነው።

ተፈጥሮ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለምን አበጀች የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ የማይወልዱት ሠራተኛ ነፍሳት ለንድፈ ሐሳቡ ልዩ ችግር እንደሆኑበት ገልጿል። ዘር የማይተካ ፍጡር ጠባዩን ለማን ያወርሳል? መልሱ ወደ ቤተሰቡ በመመልከት ተገኘ፤ ሠራተኛዪቱ ራሷ ባትወልድም እናቷና እኅቶቿ በእርስዋ ድካምና ሞት የሚድኑ ከሆነ ያን ጠባይ የሚያስገኘው ዘረ መል በእነርሱ በኩል ይተላለፋል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሐሚልተን እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። ከዚህ ላይ የዕድሜ ጉዳይ ይጨመራል። ወጣቷ ሠራተኛ ቤት ስትጠርግ፣ እጭ ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራ ትቆያለች፤ በር መጠበቅና መስክ መውጣት የሚመጣው ኋላ፣ ዕድሜዋ ሲገፋ ነው። ሥራ በበዛበት ወራት የአንዲት ሠራተኛ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነውና ነድፋ የምትሞተው ንብ ብዙውን ጊዜ የቀራት ቀን ጥቂት ነው። በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር መንጋ ይህ ኪሣራ ቀላል ነው። ይህን ሁሉ ለመረዳት ንቧን ጀግና ማለት አላስፈለገም። ፈሪ ናት ማለትም አይደለም፤ ሁለቱም ቃላት በእርስዋ ላይ ቦታ የላቸውም።

ታዲያ ቃላቱ ከየት መጡ?

የኢትዮጵያ ባለቅኔ ሰምና ወርቅ የሚለውን ስያሜ ያገኘው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት አቅልጦ ያፈሰዋል፤ ባዶ በቀረው ስፍራ ወርቁን ይጨምራል። ሰሙን የሰጠችው ንብ ናት። ሰው ስለ ንብ ሲናገር የኖረውም በዚሁ ዘዴ ነው። ንቧ ቅርጹን ሰጥታ ትቀልጣለች፤ በቦታዋ የሚገባው ተናጋሪው ከመጀመሪያውም በእጁ ይዞት የነበረው ወርቅ ነው።

አርስጣጣሊስ በቀፎው ውስጥ ከሌሎቹ ገዝፋ የምትታየውን ንብ ንጉሥ አላት፤ በዘመኑ መንጋን የሚገዛ ሴት ይሆናል ብሎ ማሰብ አልተለመደምና። አማርኛም በዚህ ስሕተት ተባባሪ ነው። አውራ የሚለው ቃል አለቅነትንና ወንድነትን አጣምሮ የሚያመለክት ሲሆን፣ እንቁላል የምትጥለው እናት ግን እስከ ዛሬ አውራ ትባላለች። እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር እ.ኤ.አ. በ1609 የቀፎው ገዢ ሴት ናት ብሎ መጽሐፍ ሲያወጣ አገሩ ከ40 ዓመት በላይ በንግሥት ኤልሳቤጥ ስትገዛ ቆይታ ነበርና ሐሳቡ ብዙ አላስደነገጠም። በዚያው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም የገዢዪቱን ሆድ ከፍቶ እንቁላል መያዣዋን በአጉሊ መነጽር ተመለከተ፤ ነገሩም ከግምት ወደ ዕውቀት ተሻገረ። (ከእርሱ በኋላ የንብን ኑሮ አጥርተው ካዩት ሁሉ ግንባር ቀደም የሆነው የስዊዘርላንዱ ፍራንስዋ ኡበር ዓይነ ስውር እንደነበረ ማስታወስ አይከፋም። በረዳቱ ዓይን እያየ፣ በራሱ አእምሮ እየጠየቀ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1792 አሳተመ።)

ነገሥታት ከሳይንሱ ይልቅ ምሳሌውን ወደዱ። በኢትዮጵያ ትውፊት ላሊበላ ሲወለድ የንብ መንጋ እንደ ከበበው፣ እናቱም ንቦቹ ንጉሥነቱን ዐወቁለት እንዳለች ይነገራል፤ ስሙም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይፈታል። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1804 ዘውድ ሲጭን ካባው በወርቅ ንቦች አጊጦ ነበር። በለንደን የኖረው ሐኪም በርናርድ ማንደቪል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1714 ባወጣው መጽሐፍ ቀፎውን የነጋዴዎች ከተማ አደረገው፤ የግለሰቦች ስስትና ቅንጦት ተደምሮ ለአገር ብልጽግና ይሆናል ብሎ ተከራከረ። ሠራተኛውን መደብ ያወደሱትም የራሳቸውን ቀፎ አገኙ፤ የግል ንብረት የሌለበት፣ ሁሉም የሚሠራበት ቀፎ። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው ምርጫ ገዢው ግንባር ለምልክትነት የመረጠው ንብን ነበር። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ የንብን የጭፈራ ቋንቋ በመፍታቱ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ካገኘ በኋላ ጥናቱ ገፍቶ ሄደ። አሜሪካዊው ቶማስ ሲሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ የወጣ መንጋ አዲስ ቤት የሚመርጠው ቃኚዎቹ ያዩትን በጭፈራ እያቀረቡ፣ ሌሎቹ ሄደው እየመረመሩ፣ በቂ ቁጥር አንዱን ስፍራ ሲደግፍ እንደሆነ አብራርቶ ይህን ዴሞክራሲ ብሎ ሰየመው። ምርምሩ እጅግ የሚደነቅ ነው። ስያሜው ግን ያው የአንጥረኛው ሥራ ነው። ዘውድ በነበረበት ዘመን ዘውድ የታየበት ቀፎ፣ ድምፅ በሚሰጥበት ዘመን የምርጫ ጣቢያ ሆነ።

ውዳሴው ሲዘጋጅ ከቀፎው ኑሮ የተተወው ደግሞ ብዙ ነው። ንብ ለቤቷ ታማኝ ናት፤ አበባ በጠፋበት ወራት ግን ደካማ ጎረቤት ቀፎ ካገኘች ገብታ ትዘርፋለች፤ ጓደኞቿንም ታስከትላለች፤ የተዘረፈው መንጋ ሊጠፋ ይችላል። ትጋቷና ታማኝነቷ የሚያበቃው በራሷ ቀፎ ደጃፍ ላይ ነው። ስለ ኅብረት ሲሰበክ ይህ አይጠቀስም። ፍራንሲስ ራትኒክስና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ደግሞ አንዳንድ ሠራተኞች በስውር እንቁላል ይጥላሉ፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም እያሸተቱ ፈልገው ይበሉባቸዋል። ቅራኔ የሌለበት ማኅበር ተብሎ የተወደሰው ቀፎ የራሱ ቅራኔና የራሱ ፖሊስ አለው።

የድንጉላው ነገርም እንዲሁ ነው። ምግብ ሲያንስ ሠራተኞቹ ድንጉሎቹን ከቀፎ ያባርራሉ፤ ሥራ ፈት ይባረር የሚል ሁሉ ይህን እየጠቀሰ ሲፈርድ ኖሯል። ይሁን እንጂ ድንጉላው ሰነፍ አይደለም። ማር የሚሰበስብበት አካል ሳይሰጠው የተፈጠረ፣ የተፈጠረበትን አንድ ተግባር በአየር ላይ የሚፈጽም፣ ሲፈጽምም እዚያው የሚሞት ነው። ሳይፈጽም የቀረው በረሃብ ይባረራል። በዚህ ላይ የሥራ ሥነ ምግባርን መገንባት፣ ሽማግሌውንና አካለ ስንኩሉን ከማዕድ ለማስነሣት ሰበብ የሚሻ ሰው ብቻ የሚመቸው ነው።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣው የካፒታል አንደኛ ቅጽ ንብን ከሕንፃ ባለሙያ ጋር አነጻጽሮ የሁለቱን ልዩነት ያየው ሰው ሕንፃውን ከማቆሙ በፊት በአሳቡ የሚሠራው በመሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ለካድሬውም ለመምህሩም የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን በግንባታው ላይ ብቻ ይቆማል። ስለ ማር እንጀራው የተባለው ስለ ሞቱም መባል አለበት። ሰው ለወገኑ ሲሞት፣ ከሞቱ በፊት ሞቱን በአሳቡ አይቶታል፤ ሌላ መንገድ እንዳለም ያውቃል፤ ያን ሌላውን መንገድ ሊሄድበት እየቻለ አልሄደበትም። መሥዋዕትነት የሚባለው ይህ ነው። ከውስጡ ምርጫው ሲወጣ የሚቀረው ሞት ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ንብን ፍጹም መኪና አድርጎ መቁጠርም ዛሬ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን በተደረገ ሙከራ፣ የማር ንብ ዘመድ የሆኑ ጠጉራም ንቦች ትንሽ ኳስ እያንከባለሉ ወደ ተወሰነ ቦታ በማድረስ የስኳር ውሃ ማግኘትን ተምረዋል፤ ጓደኛቸው ስታደርገው አይተውም ዘዴውን አሻሽለው ፈጽመውታል። በተፈጥሮ ያልገጠማቸውን ነገር መማራቸው አእምሯቸውን አሳንሶ ማየት እንደማይገባ ያሳያል። ነገር ግን ኳስ ማንከባለልን መማር አንድ ነገር ነው፤ ከነደፍሁ እሞታለሁ ብሎ ዐውቆ መንደፍ ሌላ ነው። የላም ቆዳና የተርብ ቅርፊት በሞትና በሕይወት እንደሚለያዩ ንቧ እንደምታውቅ የሚያሳይ ነገር የለም።

ነገሩ ከተፈጥሮ ታሪክ ወጥቶ የሰው ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣሊያ ጥይት ሲገደሉ ሌላ መንገድ ተዘግቶባቸው አልነበረም። አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠይቀው አይሆንም አሉ። ኑሮንና ሞትን አነጻጽረው የወሰኑት እርሳቸው ናቸው፤ ሞታቸውም ለሌላው ሰው ኃይል የሆነው ውሳኔው የራሳቸው ስለ ነበረ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ ብዙ ወጣቶች ከየቀበሌውና ከየገበሬ ማኅበሩ ተሰብስበው ወደ ጦር ግንባር ተላኩ። ከእነርሱ መካከል ወዶ የሄደ ነበር፤ ታፍሶ የሄደም ነበር። ሲወድቁ ሁሉም በአንድ ቃል ተጠሩ፤ መሥዋዕት ሆኑ ተባለ።

ቃሉ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። መሥዋዕት በቀደመ ትርጉሙ በመሠዊያ ላይ የሚቀርበው በግ ነው፤ በጉ አልተጠየቀም። አንድ ልጅ መሥዋዕት ሆነ ሲባል ራሱን የሰጠ ነውን ወይስ ሌላ ሰው የሰጠው? ሰዋስዉ ሁለቱንም በአንድ መጋረጃ ይሸፍናቸዋል። ታፍሶ የሄደው ልጅ ሞት ከወዶ ዘማቹ ሞት ያነሰ አይደለም፤ እናቱ ዘንድ እንዲያውም ይከብዳል። ነገር ግን የሚገባው ልቅሶ ነው፤ የላከው ወገን ደግሞ መጠየቅ አለበት። ልጁን በንብ መስሎ ማወደስ ሁለቱንም ያስቀራል፤ እናቲቱ እንድትኮራ ስለታዘዘች ልታለቅስ አትችልም፤ ላኪውም እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለተቆጠረ ማንም አይጠይቀውም። የንብ ምሳሌ አደጋው ይህ ነው። በቀፎ ውስጥ ላኪ የለም፤ አውራዪቱ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ትእዛዝ አትሰጥም፤ ሂጂና ሙቺ ያላት የለም። በሰው ማኅበር ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚልክ አለ፤ የሚላክም አለ። በምሳሌው ውስጥ የሚሰወረው ላኪው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሌላው ፍርድ የተርብ ፍርድ ነው። ሰው ንብን የሚያከብራት ስለ ሥነ ምግባሯ ነው ቢባል ማሩ ይታዘባል። በእርግጥ የሚፈርደው ሆድ ነው። አንድ ንድፊያ እንኳ እንደ ተነዳፊው ማንነት ስሙ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1956 ለምርምር ከአፍሪካ ወደ ብራዚል የተወሰዱ ንቦች በ1957 ከነመንጋቸው አምልጠው በአህጉሩ ሲስፋፉ ገዳይ ንቦች ተባሉ። ያደረጉት ዘራፊ በበዛበት በአፍሪካ ምድር ለሺህ ዘመናት ያደረጉትን ነው፤ ቀፏቸውን በብርቱ ጠበቁ። በምሳሌው ቀፎዋን የምትጠብቀው ንብ ጀግና ናት፤ የተነደፈው ምሳሌውን የሚናገረው ሰው ሲሆን ግን ገዳይ ትሆናለች።

ማር የሌለው ተርብ ይህን ያህል ዕድል እንኳ አላገኘም። ምላሰ ሹሉንና ቁጡውን ሰው ተርብ ይሉታል፤ በጣራው ክዳን ሥር የሠራው ቤት በጭራሮ ይቃጠላል። ያ ቤት ግን ወረቀት ነው። ፈረንሳዊው ሬኦሚር እ.ኤ.አ. በ1719 ተርብ እንጨት አኝኮ ወረቀት እንደሚሠራ ተመልክቶ፣ ሰውም ከጨርቅ ይልቅ ከእንጨት ወረቀት ሊሠራ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ይህ መጣጥፍ የታተመበት ገጽ የተርብ ዘዴ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ ተርቦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬና በሌሎች ነፍሳት ሥጋ ስለሆነ በአትክልቱ ቦታ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ዘበኞች ናቸው። ሰውን ከቶ የማይነድፉ፣ ከአባጨጓሬው ገላ ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ የገባውን የአሜሪካ ተምች በበቆሎ ማሳ ላይ የሚያጠቁ የአገር ተርቦች በዓመቱ በወጣ ጥናት ተመዝግበዋል። ዳርዊን እነዚህን ከውስጥ ሆነው ሕያዉን አባጨጓሬ የሚበሉ ተርቦች ሲያስብ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ቸር አምላክ አስቦበት እንደ ፈጠራቸው ራሱን ማሳመን እንዳቃተው ገልጿል።

ያንኑ አሰቃቂ የተባለ ጠባይ ግን አፍሪካ የምትፈልግበት ጊዜ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ተባይ የካሳቫን ማሳ ከኮንጎ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ያጠፋ ጀመር። ካሳቫ የብዙ ሚሊዮን ድሆች ዕለታዊ ምግብ ነውና ረሃብ ደጃፍ ላይ ነበር። በናይጄሪያ ኢባዳን በሚገኘው የሐሩር ክልል ግብርና ምርምር ተቋም የሚሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሄረን ከባልደረቦቹ ጋር የተባዩን የተፈጥሮ ጠላት ከትውልድ አገሩ አስፈለገ። በፓራጓይ የተገኘችው ከሩዝ ቅንጣት የምታንስ ተርብ ናት። ከ1981 ጀምሮ በአፍሪካ ማሳዎች ላይ ተለቀቀች፤ ተባዩም ተሸነፈ። ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ለተርቧ የተሠራ ሐውልት የለም፤ እርስዋም ብትሆን እንቁላሏን ጣለች እንጂ አፍሪካን ልታድን አልመጣችም። ንብን ጀግና ማለት ስሕተት ከሆነ ተርብንም ጀግና ማለት ያው ስሕተት ነው።

ኢትዮጵያዊው ሽማግሌ ለዕርቅና ለፍርድ የሚቀመጥበት የዋርካ ጥላም ከተርብ የተገኘ ነው። ዋርካም ሆነ ሾላ አበባ የሌለው የሚመስለው አበባው በፍሬው ውስጥ ተገልብጦ ስለሚያብብ ነው። ወደዚያ የሚወስደው ቀዳዳ እጅግ ጠባብ በመሆኑ የምትገባው ጥቃቅን ሴት ተርብ ክንፏ ይሰበራል። ከተወለደችበት ፍሬ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ በአበቦቹ ላይ ታራግፋለች፤ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ አድገው ሴቶቹ በተራቸው ብናኝ ይዘው ይወጣሉ። እነርሱ ከሌሉ የሾላ ዘር የለም። ሾላ የበላ እረኛ ሁሉ ከዚህች ሟች ጋር ተቋድሷል፤ ስለ እርስዋ ግን የተዘፈነ የለም። አሟሟቷ ከንቧ አሟሟት ያነሰ አይደለም፤ የጎደላት ማርና ውዳሴ ብቻ ነው።

ንብና ተርብ የሰው መምህር ካልሆኑ፣ ሰው ለእነርሱ ያለበት ግዴታ ግን አይቀርም፤ መምረጥ የሚችለው እርሱ ነውና። በዓለም ላይ ዋና ዋና ከሚባሉት 115 ሰብሎች 87ቱ በመጠኑም ሆነ በሙሉ የሚያዳቅላቸው እንስሳ ይሻሉ፤ ከአዳቃዮቹ ግንባር ቀደሟ ንብ ናት። ጤፍ ንብ አይፈልግም፤ ራሱን ያዳቅላል። ኑግ ግን ከሌላ ተክል ብናኝ ካላገኘ በደንብ አያፈራም፤ እንግዲህ እንጀራው ያለ ንብ ይገኛል፣ የወጡ ዘይት ግን አይገኝም። ቡናም ራሱን ማዳቀል ቢችልም ንብ ሲጎበኘው ምርቱ ይጨምራል። ይህ ሆኖ ሳለ የሚረጨው ፀረ ተባይና ፀረ አረም አበባ በፈካበት ሰዓት በጠራራ ፀሐይ ይረጫል። የአውሮፓ ኅብረት በንቦች ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ምክንያት ሦስት የፀረ ተባይ ዓይነቶች በሜዳ ላይ እንዳይረጩ በ2018 ከልክሏል። ክልከላ በሌለበት ስፍራ ቢያንስ ንብ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ሲመሻሽ መርጨት ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ለጎረቤት ንብ አርቢ አስቀድሞ መንገርም እንዲሁ።

አርቢውስ ቢሆን? ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ አገር ናት፤ ማሩም አሁንም በብዛት የሚመጣው ከባህላዊ ቀፎ ነው። በከፋና በሸካ ደኖች ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ቆራጩ ጢስ ይዞ በጨለማ ይወጣል፤ ጢሱ ሲደርሳቸው ንቦቹ ቤታቸውን ጥለው የሚሄዱ መስሏቸው ማር ለመሸከም ይጣደፋሉ፤ የማንቂያው ጠረንም በጢሱ ይሸፈናል። አንዳንዱ ቆራጭ እጩን ከነማሩ ጠራርጎ ያወርዳል፤ በነበልባሉ ብዙ ንብ ይረግፋል፤ መንጋውም ይበተናል። ሌላው በቀዝቃዛ ጢስ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ እጭ ያለበትን እንጀራ አይነካም። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ባበበ ማግስት፣ በጥቅምትና በኅዳር ማሩ ሲቆረጥ፣ እስከሚቀጥለው አበባ ድረስ ለመንጋው የሚበቃ ስንት የማር እንጀራ በቀፎው ውስጥ እንደሚቀር የሚወስነው ከዛፉ ላይ የወጣው ያ ሰው ነው።